ቀይ መስመር፣ ጥቁር መስመር፦ በደቡብ ስኮትላንድ ደኖች የብስክሌት ጉዞ

ስኮትላንድ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሰሜን ነው የሚነዳው። ሎክ ኔስ ይላል፣ ቤን ኔቪስ ይላል፣ ስካይ ደሴት ይላል። እኛ ከኤድንብራ ወጥተን ፊታችንን ወደ ደቡብ አዞርን። ከእንግሊዝ ድንበር በላይ፣ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ በተዘረጋው ኮረብታማ አገር፣ ሰቨን ስቴንስ የሚባሉ የተራራ ብስክሌት ማዕከሎች አሉ። ሰባቱ ድንጋዮች እንደማለት ነው። ጎርደን ያንግ የሚባል ቀራጺ በየቦታው አንዳንድ የተቀረጸ ድንጋይ ጫካ ውስጥ አስቀምጧል። ብስክሌተኛው ድንጋዩን እየፈለገ ይነዳል።

የተጀመረበት ጊዜ ግን ክፉ ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ብሪታንያን አፍተግር መታት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ይህ የደቡብ ስኮትላንድ ገጠር ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነበር። ከብትና በግ በገፍ ተገደለ፣ የእግር መንገዶች ተዘጉ፣ እንግዳ ቀረ። በሽታው ካለፈ በኋላ ሰው የሚጠራ ነገር ሲፈለግ፣ በመንግሥት ደኖች ውስጥ የብስክሌት መንገድ የመሥራቱ ሐሳብ ጉልበት አገኘ።

አብሮኝ የሄደው የአክስቴ ልጅ ነው። ኤድንብራ ነው የሚኖረው፤ በየሳምንቱ መጨረሻ ጭቃ ካልነካ አይሆንለትም። በዕድሜ ስለምበልጠው «ጋሼ» ይለኛል። ጠዋት ላይ አክብሮት ነው፣ ዳገት ላይ ግን ፌዝ ይሆናል። እኔ ሐዋሳ ላይ በሰዓት እየተከራየሁ የለመድኩ ሰው ነኝ። ሐዋሳ ደግሞ ሜዳ ናት።

ቅዳሜ፦ ግሌንትረስ

እንቁጣጣሽን ከዘመድ ጋር ውለን በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ተነሳን። የተረፈው ድፎ ዳቦ በፌስታል ተጠቅልሎ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቆሎም ተያዘ። ሱቅ ከሚሸጠው የብስክሌተኛ ጣፋጭ ይልቅ ኪስ ውስጥ ያለ ቆሎ ይሻላል ባይ ነኝ፤ አይቀልጥም፣ አያጣብቅም።

ፒብልስ ከኤድንብራ አርባ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ግሌንትረስ ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ በትዊድ ወንዝ ሸለቆ አፋፍ ላይ ያለ ደን ነው። ግርጌው ላይ ካፌ፣ ብስክሌት የሚያከራይ ሱቅና የጭቃ ማጠቢያ ቧንቧ አለ። ለደኑ መግቢያ አይከፈልም፤ የሚከፈለው ለመኪና ማቆሚያው ነው። ስኮትላንድ በ2003 ባወጣችው የመሬት ሕግ መሠረት፣ ሰው ንብረት እስካላበላሸና ሌላውን እስካላስቸገረ ድረስ በእግሩም በብስክሌቱም በአብዛኛው መሬት ላይ የመሄድ መብት አለው። ድንበሩን ተሻግሮ እንግሊዝ የገባ ግን ለብስክሌት የተፈቀደውን መንገድ እየመረጠ መሄድ ግድ ይለዋል።

መንገዶቹ በቀለም ተለይተዋል። አረንጓዴው ለልጅና ለጀማሪ ነው። ሰማያዊው ትንሽ ለለመደ፣ ቀዩ በደንብ ለለመደ፣ ጥቁሩ ደግሞ ለጎበዝ። እዚህ ቀዩ 18 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጥቁሩ 29። ቀዩን ያዝን።

መጀመሪያ ዳገት ነው፣ ከዚያም ዳገት ነው። መንገዱ በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዘ ይወጣል። ኩርባው ጠባብ ስለሆነ ፍጥነትህን እዚያው ትጥልና እንደገና ከዜሮ ትጀምራለህ። ማርሹ መጨረሻው ላይ ደርሶ ሌላ ማርሽ መፈለግ ስጀምር፣ አንዲት ፀጉራቸው ነጭ የሆነ እናት በኤሌክትሪክ ብስክሌት ከኋላችን መጡና እያወሩ አለፉን። ትንፋሻቸው እንኳ አልተቆራረጠም። የአክስቴ ልጅ «አይዞህ ጋሼ፣ ባትሪ ነው» አለኝ።

አንድ ቦታ ቆም ብዬ መንገዱን ራሱን አየሁት። ከሩቅ ሲያዩት ሰው የረገጠው የጫካ መንገድ ይመስላል፤ ጠጋ ሲሉ ግን ሥራው ሌላ ነው። ጥቁሩ ለም አፈር ተጠርጎ ጠንካራው የታችኛው መሬት እስኪገኝ ድረስ ተቆፍሯል። በላዩ የተፈጨ ድንጋይ ፈሶ ተደምድሟል። ወለሉ ወደ ቁልቁለቱ በኩል በትንሹ ዘንበል ይላል፣ ውኃ እንዳይተኛበት። በየጥቂት ሜትሩ መንገዱ ራሱ ትንሽ ጎድጎድ ይልና ውኃውን ወደ ዳር ይሸኛል። ቁልቁለት በሆነበት ደግሞ ትላልቅ ድንጋዮች በእጅ ተመርጠው፣ ፊታቸው ወደ ላይ ሆኖ፣ አንዱ ባንዱ ተጣብቆ ተነጥፈዋል። በዚህ አገር ዝናብ ያለዚህ ሥራ መንገዱ አንድ ክረምት አይቆይም።

ጫፍ ላይ ደርሰን ዳቦ በላን። ከዚያ ስፑኪ ዉድ የሚሉትን ቁልቁለት ገባን። ኩርባዎቹ ወደ ውስጥ የተጋደሙ ግድግዳዎች ስላሏቸው ፍሬን ሳትይዝ ብትገባ ግድግዳው ይዞህ ያዞርሃል። ለማመን ጊዜ ይወስዳል። እኔ የመጀመሪያዎቹን ኩርባዎች ሁለቱንም ፍሬን ጨምድጄ ነው የወረድኳቸው። ከዚያ አንዱን ለቀቅኩ፣ ቀጥሎ ሌላውንም። ታች ስንደርስ ጉንጬ ከሳቅ ብዛት አሞኝ ነበር።

በ2023 የዓለም ሻምፒዮና ስኮትላንድ ላይ ሲካሄድ የተራራ ብስክሌት አገር አቋራጩ ውድድር የተደረገው እዚሁ ግሌንትረስ ነው። በወንዶች ቶም ፒድኮክ፣ በሴቶች ፖሊን ፌራን-ፕሬቮ አሸነፉ። ሰዎቹ እኛ እያለከለክን የወጣነውን ዓይነት ዳገት ደጋግመው ወጥተውታል። አንዳንዱን ነገር ባያስቡት ይሻላል።

እሁድ፦ ኢነርሊዘን፣ እና ስለ ዛፉ ነገር

ከፒብልስ ኢነርሊዘን ድረስ የድሮው ባቡር ሐዲድ የነበረበት መስመር ዛሬ የእግርና የብስክሌት መንገድ ሆኗል። ባቡሩ በ1960ዎቹ ቀርቷል። ከወንዙ ጋር እየተጎራበተ የሚሄድ ልስልስ ያለ ሜዳ ነው። ለተጨነቀ ጉልበት መድኃኒት ነው።

ከሰባቱ ሲቆጠር ከግሌንትረስ ጋር እንደ አንድ ቢያዝም፣ ኢነርሊዘን ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ያሉት ቁልቁለት ወዳጆች ናቸው፤ ሙሉ ፊት የሚሸፍን ሄልሜት፣ የጉልበትና የክርን መከላከያ። ብስክሌታቸው ከመኪናችን ዋጋ የሚበልጥ አይመስለኝም፣ ግን ብዙም አይርቅም። የአክስቴ ልጅ ከእነሱ ጋር ተደባልቆ ጠፋ። እኔ በጫካው መኪና መንገድ ቀስ ብዬ ወጣሁ።

ያን ቀን ዛፉን ለማየት ጊዜ አገኘሁ። ይህ ሁሉ ደን ጥንታዊ ጫካ ይመስላል። አይደለም፤ እርሻ ነው። ባለፈው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ስኮትላንድ በደን የተሸፈነው መሬቷ አምስት በመቶ ግድም ብቻ ነበር። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግና የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶች እንጨት በሉ። መንግሥት ደነገጠና በ1919 የደን ኮሚሽን አቋቋመ። ከዚያ በኋላ ተተከለ፣ ተተከለ፣ ተተከለ። ዛሬ ሽፋኑ አሥራ ስምንት በመቶ አካባቢ ደርሷል።

አብዛኛው የተተከለው ሲትካ ስፕሩስ ነው። አገሩ የሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ ነው። ዘሩን በ1831 ወደ ብሪታንያ ያስገባው ዴቪድ ዳግላስ የሚባል ስኮትላንዳዊ ዕፅዋት ሰብሳቢ ነው። ሰውየው ያንን ሁሉ ዱር ዞሮ በመጨረሻ በ1834 ሃዋይ ላይ፣ ለዱር ከብት በተቆፈረ ወጥመድ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሞተ። ሲትካ እርጥብ፣ ነፋሻና ደካማ አፈር ይችላል፤ በአርባ ዓመት ገደማ ለመቁረጥ ይደርሳል። ይህን ሳነብ ባሕር ዛፋችን ነው ትዝ ያለኝ። ከውጭ መጣ፣ ቶሎ አደገ፣ አገር አዳነ፣ ከዚያ ሰው ማማረር ጀመረ። እዚህም ማማረር አለ፦ ከሥሩ ሣር አይበቅልም፣ ወፍ አያዜምበትም ይላሉ። እውነትም ጥቅጥቅ ብሎ በተተከለበት ቦታ በቀትር ጨለማ ነው፤ መሬቱ ላይ ቡናማ የመርፌ ቅጠል ብቻ ተነጥፏል። ነገር ግን ለብስክሌት አፈሩ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ነው የሚጣፍጠው። ዝናቡን ዛፉ ይይዘዋል፣ ጎማው ሳይሰምጥ ይነክሳል።

ደግሞ ሥሩ ጥልቅ አይደለም። በኅዳር 2021 አርዌን የተባለው ማዕበል ሲመጣ በዚህ ሸለቆ ብዙ ዛፍ ጠራርጎ ጣለ። በተገነደሰው ቦታ አሁን ቁጥቋጦና ችግኝ ነው ያለው። ከነሥሩ የተገለበጠ አንድ ግንድ አጠገብ ቆምኩ፤ ሥሩ ከእኔ ቁመት በላይ ወደ ሰማይ ቆሟል፣ ውፍረቱ ግን ክንድ አይሞላም።

ማታ በትራኳር ቤት በኩል አለፍን። በስኮትላንድ ሰው ሳይቋረጥ የኖረበት ጥንታዊው ቤት ነው ይባላል። ትልቁ የድብ ሐውልት ያለበት በር ከ1745 ጀምሮ እንደተቆለፈ ነው። የድሮዎቹ ነገሥታት፣ የስቱዋርት ዘር፣ ዙፋን ላይ እስኪመለስ አይከፈትም ተብሎ ተምሏል አሉ። ባለቤቶቹ በጎን በር ነው የሚገቡት።

ሰኞ፦ ወደ ምዕራብ፣ ኤይ

ዶፍ ዝናብ። ወደ ሞፋት የሚወስደው መንገድ የትዊድን ወንዝ ይዞ እስከ ምንጩ ይወጣና ዴቪልስ ቢፍ ተብ የሚባል ገደል አፋፍ ላይ ያደርሳል። የጥንት የድንበር ወንበዴዎች የዘረፉትን ከብት የሚደብቁበት ጎድጓዳ ነበር። ቦታው ለሥራው የተመረጠ ነው፤ አራት ኮረብታ ከብቦት ከመንገድ አይታይም። ጉሙ ስለጨፈነው እኛም ብዙ አላየንም።

ኤይ ሰፈርም ነው፣ ወንዝም ነው፣ ደንም ነው። ሰፈሯን በ1947 የመሠረታት የደን ኮሚሽኑ ነው፤ ለዛፍ ተካዮችና ቆራጮች ቤት ሠራላቸው። ዛፉን ለመትከል የመጣው ሰው ሰፈር ሆነ፣ ዛፉ ደግሞ ለብስክሌት ዋለ። ቀዩ መስመር 24 ኪሎ ሜትር ነው። ዳገቱ ረጅም፣ ነፋሱ ክፉ፣ ጫፉ ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተርባይኖች በጉሙ ውስጥ ሲዞሩ ድምፃቸው ብቻ ይሰማል። ቁልቁለቱ ሰፊና ፈጣን ነው፤ ከፍ ከፍ ያሉ የመዝለያ ጉብታዎች አሉት። የሚዘልል ይዘልላል፣ የማይዘልል ላዩን ተንከባልሎ ያልፋል። እኔ ተንከባልዬ አለፍኩ። የአክስቴ ልጅ በአየር ላይ ሲያልፍ ጭቃው ከጎማው ተነስቶ እኔ ፊት ላይ አረፈ።

ስለ ኤይ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። እርጥብ ካልሲ ፍርድ ያዛባል።

ማክሰኞ፦ አንጥረኛው

ይህን ቀን ለእግር ዕረፍት ነው የተውነው። ቢሆንም በብስክሌት ጉዞ ላይ ሆኖ ኪር ሚልን ሳያዩ ማለፍ ነውር ነው። ከቶርንሂል ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብላ ያለች ትንሽ መንደር ናት። ከሷ አለፍ ብሎ ኮርትሂል የሚባል የድሮ ብረት መቀጥቀጫ ቤት አለ። በ1839 ገደማ ከርክፓትሪክ ማክሚላን የሚባል አንጥረኛ በፔዳል የሚነዳ የመጀመሪያውን ብስክሌት እዚያ ሠራ ይባላል። ግድግዳው ላይ ይህንኑ የሚያስታውስ ጽሑፍ አለ፤ ራሱ ካወቀው በላይ ሠራ የሚል።

«ይባላል» ያልኩት በምክንያት ነው። ነገሩን ያስፋፋው በ1890ዎቹ የሰውየው ዘመድ ነው፤ በማክሚላን እጅ የተሠራ ብስክሌት ግን የለም። ዋናው ማስረጃ የ1842 የግላስጎው ጋዜጣ ወሬ ነው። ከዳምፍሪስ አውራጃ በእንግዳ ተሽከርካሪ ላይ ተቀምጦ የመጣ አንድ «ጨዋ ሰው» ሕፃን ገጭቶ አምስት ሺሊንግ ተቀጣ ይላል። ተጠራጣሪዎቹ የሚሉት ይህ ነው፦ ያኔ ጋዜጣ አንጥረኛን ጨዋ ሰው ብሎ አይጽፍም። ክርክሩ ደስ ይለኛል። እንዲህ ያለ የድሮ የብስክሌት ጉዞ ወሬ የክስ ወሬ ሆኖ መገኘቱም እንደዚሁ።

ከሰዓት በኋላ ዳምፍሪስ ገብተን ሻይ ጠጣን። ባለቅኔው ሮበርት በርንስ በ1796 የሞተባት ከተማ ናት። ከዚያ አጠገቧ ያለው ሜቢ ደን ገብተን ፊኒክስ የሚባለውን 17 ኪሎ ሜትር ቀይ መስመር ግማሹን ነዳን። ዕረፍት ነው ተብሎ የነበረው ቀን እንዲህ አለቀ። ሜቢ ደስ ይላል፤ ሠፋ ያለ ቅጠል ያላቸው ዛፎች ስላሉ ብርሃን ይገባል። ቀይ ሽኮኮ አየን። ከአሜሪካ የመጣው ግራጫው ሽኮኮ በአብዛኛው ብሪታንያ አባሮታል፤ እዚህ አካባቢ ግን ገና አልተሸነፈም።

ረቡዕ፦ ዳልቢቲ

የጉዞው ሁሉ ዋና ቀን ለእኔ ይህ ነው።

እስካሁን የነዳነው መንገድ ሰው ድንጋይ አምጥቶ የሠራው ነው። ዳልቢቲ ላይ ድንጋዩ ከመጀመሪያውም እዚያው ነበር። ከተማዋ የግራናይት ከተማ ናት። ቤቶቿ ሁሉ ከግራጫ ግራናይት የተሠሩ ናቸው፤ ከዚህ የወጣው ድንጋይ ለሊቨርፑል ወደቦችና ለለንደን የቴምዝ ወንዝ ዳር ግንብ ተጭኗል። ማዘጋጃ ቤቱ ላይ የዊሊያም መርዶክ መታሰቢያ አለ። የታይታኒክ አንደኛ መኮንን ነበር፤ በ1873 እዚሁ ነው የተወለደው።

መስመሩ ሃርድሮክ ይባላል፣ 25 ኪሎ ሜትር። ስሙ አይዋሽም። መንገዱ በጫካው ውስጥ ከአንዱ ራቁት ድንጋይ ወደ ሌላው ነው የሚሄደው። ግራናይት ሲደርቅ ጎማን የሚይዝበት አያያዝ ጉድ ነው። ያን ያህል ዘንበል ባለ ነገር ላይ እንዴት ቆምኩ ብለህ ታስባለህ፤ ጎማው ግን ንቅንቅ አይልም። ችግሩ የዛፍ ጥላ ያረፈበት፣ አረንጓዴ ነገር የለበሰው ድንጋይ ላይ ነው። እዚያ ፍሬን መያዝ አይቻልም፤ ቀጥ ብሎ መሄድ ብቻ ነው። መሪውን በትንሹ ብታዞር ትተኛለህ።

ከዚያ ስላብ መጣ። ከቀዩ መስመር ዳር ያለ፣ ጥቁር ምልክት የተሰጠው፣ አንድ ወጥ የግራናይት ዝርግ ነው። ከላይ ሆነህ ስታየው መጀመሪያው ይታያል፣ ቀጥሎ ጎብጦ ይጠፋል፣ መጨረሻው ከታች ካለው ጫካ ጋር ይቀላቀላል። ለማይፈልግ ሰው በጎን በኩል መንገድ አለ። ጨዋ ነገር ነው፤ በእነዚህ ደኖች ከባድ ቦታ ሁሉ አጠገቡ መሸሻ አለው።

የአክስቴ ልጅ ብስክሌቱን አስቀምጦ በእግሩ ወረደ፣ ወጣ፣ እንደገና ወረደ። ድንጋዩን በመዳፉ ነካው፤ ደረቅ ነው። ከዚያ ኮርቻውን ዝቅ አደረገ። ወገቡን ወደ ኋላ ጎማው ላይ ገፋ፣ ክርኖቹን ከፈት፣ ዓይኑን ከድንጋዩ ማዶ ያለ ግንድ ላይ ተከለ። የፊት ፍሬን ላይ አንድ ጣት ብቻ። በቃ ለቀቀው። ግራናይቱ ላይ የጎማው ድምፅ እንደ ወረቀት መቀደድ ነው። ታች ደርሶ ሲጮህ በጫካው ውስጥ ያለች ርግብ ሁሉ ተነሳች።

«ጋሼ፣ ና!»

«ልጆች አሉኝ» አልኩት። በጎኑ መንገድ ወረድኩ። እውነቱን ለመናገር ምንም አልቆጨኝም፤ ከጎን ሆኖ ማየቱ ራሱ በቂ ትርዒት ነው። ከኛ በኋላ አንዲት የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ ከአባቷ ጋር መጣች፤ ሳትቆም ወረደችው። አባትየው በጎኑ መንገድ ወረደ። ተያየን።

የመስመሩ ቀሪ ክፍል ጫፍ ጫፉን ይሄዳል። ወደ ደቡብ የሶልዌይ ባሕረ ሰላጤ ይታያል፤ ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው ያብረቀርቃል። መጨረሻ ላይ እጄ መሪውን መጨበጥ እምቢ አለ። የድንጋይ መንገድ እግር አይደለም የሚያደክመው፣ መዳፍ ነው።

ሐሙስ፦ ኪሩህትሪ

ከኒውተን ስቱዋርት አጠገብ። ከዳልቢቲ ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ ዳር ሜዳው ላይ የጋሎዌይ ላሞች ተሰማርተዋል። ፊትና ኋላቸው ጥቁር፣ ወገባቸው ላይ ዙሪያውን ሰፊ ነጭ። ነጭ መቀነት ታጥቀው ለሠርግ የሚሄዱ ነው የሚመስሉት። መኪናውን አቁመን ፎቶ አነሳን፤ አንዷ ቀና ብላ አየችንና ወደ ሣሯ ተመለሰች።

ኪሩህትሪ ላይ ቀዩ ትዊስተር፣ ጥቁሩ ብላክ ክሬግስ ይባላሉ። እንደ ዳልቢቲ ሁሉ እዚህም ድንጋይ ነው ነገሩ። ጥቁሩ መስመር ላይ ማክሞአብ የሚሉት ቦታ አለ፤ በአሜሪካ ዩታ ግዛት ካለችው ሞአብ ከተማ ነው ስሙን የወሰዱት። ትልቅ የድንጋይ ጀርባ ነው። ምልክቱ ድንጋዩ ላይ በቀለም ተጽፏል፤ ከዚያ ውጭ መንገድ የሚባል ነገር የለም። የፈለግከውን ትመርጣለህ። በየመሀሉ ያለውን ስንጥቅ እየዘለልን፣ አንዳንዱን እየተሸከምን አለፍነው። ማንም ጎማ ሳያስተነፍስ አይወጣም ተብሎ ነበር፤ የአክስቴ ልጅ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። ጥገናው ላይ ተራዬ ደረሰ። ሐዋሳ የኪራይ ብስክሌት ያሳደገው ሰው ጎማ መለጠፍ አይቸግረውም።

ለመሳፈሪያ ብር ቆጥቤ ልሂድ፣ ከሰባቱ ሁለቱን ብቻ ልይ የሚል ካለ ዳልቢቲንና ኪሩህትሪን እመርጥለታለሁ። ግሌንትረስ ለኤድንብራ ቅርብ ነው፣ ምቹ ነው፣ ለጀማሪም ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው። ግን የግሌንትረስን ዓይነት ኩርባ ገንዘብ ያለው አገር ሁሉ ሊሠራው ይችላል። ይህን ድንጋይ ግን ከየትም አያመጣውም።

ማታ ከድንኳን ወጥተን ሰማይ አየን። የጋሎዌይ ደን ፓርክ በ2009 በብሪታንያ የመጀመሪያው የጨለማ ሰማይ ፓርክ ተብሎ የታወቀ ነው። ከተማ ስለሌለ መብራት የለም። ፍኖተ ሐሊብ በግልጽ ይታያል። የአክስቴ ልጅ ኤድንብራ ከገባ ጀምሮ እንዲህ ያለ ሰማይ አላየም። እኔ ገጠር አያቴ ጋ ማየቴን ነገርኩት፤ «አዎ ጋሼ፣ ያኔ መብራት ገና አልተፈለሰፈም ነበር» አለኝ።

አርብ፦ ግሌን ትሩል

እዚህ ቢግ ካንትሪ የሚባል 58 ኪሎ ሜትር መስመር አለ። አብዛኛው በጫካ መኪና መንገድና በጸጥተኛ አስፋልት ላይ ነው፤ ብልሃት አይጠይቅም፣ ሳንባ ይጠይቃል። ግማሹን እንሞክር ብለን ወጣን። ሜሪክ፣ የደቡብ ስኮትላንድ ከፍተኛው ተራራ (843 ሜትር)፣ ጫፉን በደመና ሸፍኖ ከላይ ቆሟል። ለእኛ አገር ሰው 843 ሜትር ተራራ ሲባል ሳቅ ይመጣል፤ ነፋሱን ሲቀምሱት ግን ሳቁ ይቀራል።

ብዙ ሳንሄድ መንገዱ ተዘጋ። ቢጫ ሰሌዳ፣ ቀስት፣ ተለዋጭ መንገድ። ዛፍ እየተቆረጠ ነው። ከሰሌዳው ማዶ ማሽኑ ይታያል። ግንዱን ከሥሩ ይይዘዋል፣ ይቆርጠዋል፣ አጋድሞ ቅርንጫፉን ይላጨዋል፣ በልኩ ይከታትፈዋል፤ አንዱን ዛፍ ለመጨረስ ደቂቃ አይሞላውም። ውስጡ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሻይ ሊጠጣ ሲወርድ አናገርነው። የሚቆርጠው ሲትካውን ነው፣ ጊዜው ደርሶ። አጠገቡ የነበረው ላርች የሚባል ዛፍ ቀደም ብሎ ተቆርጧል፤ ላርችን የሚገድል በሽታ ጋሎዌይ ገብቶ ብዙ አስቆርጧል። ብስክሌተኞች አይናደዱባችሁም ወይ አልኩት። ይናደዳሉ አለ፤ ግን መንገዱን የያዘው ደኑ ነው፣ ደኑን ያቆመው ደግሞ እንጨቱ ነው። ከቆሎው ዘገንኩለት። አንዷን ፍሬ አገላብጦ አየና አፉ ውስጥ ጨመራት፣ ከዚያ እጁን ዘረጋ።

ተለዋጩ መንገድ በሎክ ትሩል ዳር ነው ያወጣን። ከሐይቁ በላይ የብሩስ ድንጋይ አለ፤ በ1929 የቆመ ትልቅ ግራናይት። በ1307 የስኮትላንዱ ንጉሥ ሮበርት ብሩስ የእንግሊዝን ጦር እዚህ ሸለቆ ውስጥ አሸንፏል። ጠባቡ መንገድ ላይ ሲደርሱ የብሩስ ሰዎች ከላይ ቋጥኝ ለቀቁባቸው ነው ትውፊቱ። ከሐይቁ ማዶ ያለውን ገደል እያየ የአክስቴ ልጅ «እኛም አገር እንዲህ ነበር» አለ። በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከዚሁ የነገሥታት ወገን ነኝ እያለ ይኩራራ እንደነበር ነገርኩት። አልሰማኝም፤ ካርታ እያየ ነበር።

ከሰባቱ ያላየነው ኒውካስልተንን ነው፤ ድንበሩ ላይ፣ በምሥራቅ ጫፍ። ድንጋዩ በራሱ በድንበሩ መስመር ላይ ነው ያለው አሉ። የአክስቴ ልጅ በጥቅምት ቅዳሜና እሁድ እንሂድ ብሏል። የኋላ ፍሬኔ ሸራ አልቋል፤ መጀመሪያ እሱ ይቀየር።